የጓሳ ማረፊያና የሣሩ ሕግ

(በሙያ ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከከተማ ጫጫታ ርቆ፣ በተራራ ራስ ላይ፣ በዱር አራዊትና በአዕዋፍ መካከል ጥቂት ሌሊቶች ማሳለፍ የብዙ ተጓዥ ምኞት ሆኗል። ይህን ምኞት ለመፈጸም በየአገሩ ገለል ባለ ስፍራ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራል። ቦታ ለሚመርጥ፣ ፕላን ለሚያወጣ፣ ሠራተኛ ለሚያሠለጥንና ዋጋ ለሚተምን የዚህ ማኅበር አባል ደግሞ ጉዳዩ የዘወትር ሥራው ነው። ስለ አልጋው ምቾት፣ ስለ ምግቡ ጥራትና ስለ አስተናጋጁ ትሕትና በሙያው መድረኮች ብዙ ተነግሯል። እምብዛም የማይነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይኸውም፣ እንግዳው ሊያርፍበት የመጣውን ጸጥታ ጠብቆ ያቆየው ማን ነው? ዋጋውንስ የከፈለው ማን ነው? የሚል ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ደጋ ላይ በጉልህ ይታያል።

ስፍራውና ማረፊያው

ጓሳ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ተጓዡ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የደሴውን አውራ ጎዳና ይተውና ወደ መዘዞና ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። መንገዱ እየወጣ ሄዶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ካለው ሰፊ ደጋ ላይ ያደርሰዋል። በስተምሥራቅ ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በዚያ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በስተምዕራብ የሚፈሰው ደግሞ በጃማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ ሣሩ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቀው ውሃ የሁለት ታላላቅ ወንዞች ገባሮችን ይመግባል ማለት ነው።

ስፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በካርታ ሲታይ በሞቃቱ የምድር ቀጠና ውስጥ ነው። ሆኖም ከፍታው አየሩን ለውጦታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ፊትን ያቃጥላል፤ ሌሊት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ባርኔጣም የመንዝ ባናም ያስፈልጋል። ለስፍራው ስሙን የሰጠው ጓሳ የተባለው ረጅም ሣር ሜዳውንና ተረተሩን ይሸፍናል፤ በመካከሉ ጅብራ ቀጥ ብሎ ይታያል። ሌሊቱን በገደል ላይ ያሳለፈው የጭላዳ መንጋ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣርና ቅጠላ ቅጠል እየለቀመ ይውላል። ቁጥሩ በዓለም ላይ ከ500 በታች እንደ ሆነ የሚገመተው ቀይ ቀበሮም በዚሁ ሜዳ አይጥ ያድናል።

በጓሳ በተደረገና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ያህሉ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ቀበሮው ግልገላቸውን እስካልነካ ድረስ በመካከላቸው ሲመላለስ አይሸሹትም። በሌላ ስፍራ ቢሆን ተፈራርተው የሚለያዩ ሁለት አራዊት በዚህ ሜዳ ተቻችለው ይውላሉ። እንግዳው በማለዳ ወጥቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቢቀመጥ ይህንኑ በዓይኑ ያያል።

የእንግዳ ማረፊያው ራሱ ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በጥበቃ ፕሮጀክት እርዳታ ተሠርቶ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ተራ ቤት ነው። ሲቋቋም እንግዳው ስንቁን ይዞ እንዲመጣ፣ ምግቡን በራሱ እንዲያበስል፣ ወደ ሜዳው ሲወጣም የስፍራው ጠባቂ አብሮት እንዲሄድ ታስቦ ነበር። ማታ እሳት ዳር ከመቀመጥና ሰማዩን ከማየት በቀር ሌላ መዝናኛ የለውም። ድሎት የለመደ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን የቤቱ አነስተኛነት ከስፍራው ታሪክ ጋር የሚስማማ መሆኑን ለመረዳት ሣሩ እስከ ዛሬ እንዴት እንደ ቆየ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቄሮ ሥርዓት

ጓሳ ሰው ስላልደረሰበት የቀረ ምድር አይደለም። ዙሪያውን ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ ሕዝብ ይኖራል፤ ሣሩም ከጥንት ጀምሮ የዚሁ ሕዝብ ንብረት ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ልብስ የሚሆነው ጌሳ ይሠራበታል፣ በድርቅ ዓመት ለከብት መኖ ይሆናል። ለብዙ ነገር የሚፈለግ ሀብት ጠባቂ ከሌለው ቶሎ ያልቃል። ጓሳ ግን አላለቀም፤ ምክንያቱም ሕግ ነበረው።

ይህን ሕግ በስፋት ካጠኑት ሊቃውንት መካከል ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ አንዱ ናቸው። ሕጉ ቄሮ ይባል ነበር፤ ስሙ በቅርብ ዓመታት በሌላ አካባቢ ከታወቀው ቃል ጋር በድምፅ ቢገጥምም ትርጉሙ ሌላ ነው። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ ይነገራል። ባለመብቶቹ አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ባለርስቶች ሲሆኑ፣ ከሁለቱም ወገን አለቃ ይመረጥ ነበር። ሣሩ በቂ ቁመት እስኪደርስ ድረስ ደጋው ለሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ጥበቃው ለጥቂት ቅጥረኞች የሚተው አልነበረም፤ አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራ ይገባ ነበር። ሕግ የጣሰም፣ ከጥበቃ የቀረም ከባድ ቅጣት ያገኘው ነበር። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፣ የመክፈቻው ቀን ለሕዝብ ይነገራል፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

እንግዲህ ዛሬ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ «ያልተነካ ተፈጥሮ» የሚለው፣ በእውነቱ ሰዎች መንካት እየቻሉ እጃቸውን የሰበሰቡበት ምድር ነው። ሣሩ በተዘጋበት ዓመት ጣሪያዋ እያፈሰሰ መክፈቻውን የጠበቀች እናት፣ በጎቹን ከለምለሙ ሜዳ መልሶ ወደ ተራቆተ ግጦሽ የነዳ እረኛ፣ የዚያ ጸጥታ ባለዕዳዎች ሳይሆኑ ባለውለታዎች ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የሆነው

ይህ ሲባል ግን የድሮው ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። መብቱ የዘር ሐረግ የሚከተል ስለ ነበረ ከአስቦም ከጌራም የማይወለደው ነዋሪ ከሣሩ ድርሻ የለውም ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ የባለርስቱ የበላይነት ቀረ፤ ከዚያ በፊት ድርሻ ያልነበረውም እኩል ሆነ። ይህ በፍትሕ በኩል ሲታይ ታላቅ ለውጥ ነበር። ይሁን እንጂ ከባለርስቱ ጋር ደጋውን የሚዘጋውና የሚከፍተው ሥልጣንም አብሮ ወደቀ። የሁሉም የሆነው ሣር ለጊዜው ጠባቂ አጣ፤ ልቅ ግጦሽና ማገዶ ለቀማም በረታ።

የጓሳ ሕዝብ ምስጉን ሥራ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። የድሮውን ሥርዓት እንዳለ አልመለሰውም፤ አዲሱንም ዝም ብሎ አልተቀበለውም። የዘር ልዩነት ሳይደረግ በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች የተወከሉ ሰዎች የገቡበት ኮሚቴ አቋቁሞ መዝጋትንና መክፈትን እንደገና ሥራ ላይ አዋለ። ከአሮጌው ሕግ ጥበቃውን፣ ከአዲሱ ሕግ እኩልነቱን ወሰደ። የአማራ ክልል መንግሥትም በ2004 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ አድርጎ አወቀው።

ይህ መንገድ በአገሪቱ የነበረው አንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የስሜን ተራራ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆየ። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ እንዲዛወር ተደረገ። ስሜን ሰፊ ነው፤ ችግሩም ውስብስብ ስለ ነበር በአንድ ቃል መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ሁለቱ ተራሮች ሁለት አስተሳሰብ ያሳያሉ። በአንደኛው ስፍራ ጥበቃ የተፈለገው ሰውን ከምድሩ በማራቅ ሲሆን፣ በሁለተኛው ሰውን ከምድሩ ጋር በሕግ በማስተሳሰር ነው።

እንግዳ ሲጠፋ

የእንግዳ ማረፊያ ለእንዲህ ያለ ስፍራ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለጠባቂው ደመወዝ፣ ለባለ በቅሎው ኪራይ፣ ለማኅበረሰቡ ገቢ ያመጣል። ሣሩ በተዘጋበት ዓመት ይህ ገቢ የጎደለውን ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የማረፊያ መሠራት ደግ ነገር ነው። አደጋው የሚመጣው የጥበቃው ምክንያት ራሱ የእንግዳው ገንዘብ ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው።

የቅርብ ዓመታት ታሪክ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን ተጓዥ ከየቤቱ አዋለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት የማረፊያ ቤት ገቢ የሚታመን ነገር እንዳልሆነ በሙያው ላይ ያለ ሰው ሁሉ አይቷል። ገበሬው «ሣሩን የምንጠብቀው እንግዳ ስለሚከፍል ነው» ብሎ አምኖ ቢሆን ኖሮ፣ እንግዳ በጠፋበት ዓመት ማጭዱን ለማንሣት በቂ ምክንያት ባገኘ ነበር። ሣሩ የቤቱ ክዳን፣ የበጉ መኖ፣ የምንጩ ውሃ መሆኑን ከአባቱ የተማረ ግን እንግዳ መጣም ቀረም የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአገር ብሂል ለተራራም ይሠራል። እንግዳ የሩቅ ዘመድ ነው፤ የደጋው ጎረቤት መንዜው ነው።

ለባለሙያው የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚጠቅሙ አራት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ገለል ባለ ስፍራ ማረፊያ እንዲያቅድ የተጠየቀ ባለሙያ የመሬቱን ልኬት ከመውሰዱ በፊት «ይህን ምድር የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በቢሮ ያለው ወረቀት የማይነግረውን የመንደሩ ሽማግሌ ይነግረዋል።

ሁለተኛ፣ የቤቱ መጠን የሚወሰነው በሚጠበቀው እንግዳ ብዛት ብቻ ሳይሆን በስፍራው ውሃና ማገዶ ልክ መሆን አለበት። ለእንግዳው ምድጃ በአንድ ማታ የሚነደው እንጨት፣ ለአንዲት ደጋ ነዋሪ የስንት ቀን ማገዶ እንደሚሆን ሳይሰላ የተሠራ ምድጃ ቤቱን ቢያሞቅም ተራራውን ያራቁታል። ስለዚህ የምድጃው ቁጥር፣ የማገዶው ምንጭና የሚፈቀደው መጠን ከፕላኑ ጋር አብሮ መወሰን ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ጣሪያው ጓሳ ሣር ከሆነ ሣሩ መታጨድ ያለበት ደጋው በሚከፈትበት ወራት፣ በሕዝቡ እጅ፣ በተገቢ ዋጋ ተገዝቶ ነው። ለእንግዳ ቤት ሲባል በዝግ ዘመን የታጨደ አንድ ሸክም ሣር ለመንደሩ ሁሉ የሕግ መጣሻ ምሳሌ ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ ማኅበረሰቡ «ዛሬ ተዘግቷል» ሲል ማረፊያውም አብሮ ሊዘጋ የሚችል መሆን አለበት። ውሉ ሲጻፍ፣ ብድሩ ሲሰላ፣ ሠራተኛው ሲቀጠር ይህ ቀን መታሰብ ይኖርበታል። ዓመቱን ሙሉ አልጋው ካልተያዘ ዕዳውን መክፈል የማይችል ማረፊያ፣ ባለቤቱ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ሣሩ ባልደረሰበት ዓመት በሩን ለማስከፈት መገፋቱ አይቀርም። አነስተኛ ሆኖ የተሠራ፣ ዕዳ ያልተጫነው ቤት ግን ጥቂት ወራት ተዘግቶ ቢቆይ አይጎዳም። የጓሳ ማረፊያ ትሕትና ከሙያ አንጻር የሚመሰገነውም በዚህ ነው። አነስተኛ የሆነው ገንዘብ ስላጠረው ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከሣሩ ሕግ በታች ሆኖ መኖር የሚችለው ስላነሰ ነው።

ሰላም ሰፍኖ መንገዱ ሲደላደል እንግዳ ወደ ጓሳ መመለሱ አይቀርም፤ ገንዘብ ያለው ሰውም በዚያ ደጋ ላይ ትልቅ ማረፊያ ልሥራ ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ፕላኑ ከአንድ የማኅበሩ አባል ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። አባሉ ከመፈረሙ በፊት ሊያጣራው የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዚያ ፕላን መሠረት፣ ደጋው ይዘጋ ሲባል የመጨረሻው ቃል የማን ነው? የመንዜው ከሆነ ቤቱ ይሠራ። የአልጋው ሒሳብ ከሆነ ግን ፊርማው ይቅር፤ አራት መቶ ዓመት ያህል የተጠበቀ ሣር ለአንድ ጣሪያ ሲባል ሊጠፋ አይገባም።