የረመዳን ጾም በመተማ ቆላና በግቢያችን
(በተማሪዎች ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ከመተማ ቆላ የመጣን ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ፤ ንግግሩንም የጻፍነው አብረን ነው።

መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ገላባት የሚለያቸው አንድ ድልድይ ነው። ጀንበር ለሁለቱም እኩል ትጠልቃለች፤ ነገር ግን ወዲያ ማዶ ጿሚው ከብዙኃኑ ወገን ሲሆን፤ ወዲህ ከጥቂቶቹ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአማራ ክልል ሕዝብ ሙስሊሙ 17 ከመቶ ገደማ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ወሩ ረመዳን ነበረ። ሳይቆይም ስደተኞች በዚያው በኩል ገቡ፤ በአገራቸው ብዙኃን የነበሩት ድልድዩን ሲሻገሩ ጥቂቶች ሆኑ።

ይሁን እንጂ ሙስሊም ለመተማ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የመጡ ተክሩሮች፤ ብዙዎቹም የመካ ተጓዦች፤ በዚያ ሰፍረው ያርሱና ይነግዱ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ መተማ የተማርነው ግን የ1881ን ጦርነትና የዐፄ ዮሐንስን ሞት ብቻ ነው።

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ። «ያው ሁሉም ጾም ነው» የሚል ሰው ነገሩን አላጤነውም። ክርስቲያኑ ሰዓቱን ጠብቆ በቀን ይበላል፤ ይጠጣል፤ የሚከለከለው ሥጋና ወተት ነው። ሙስሊሙ ግን ከጎሕ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ፤ ለሰሊጥ እርሻ መሬት የሚመነጥር የቀን ሠራተኛ ይህን ያውቀዋል።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። የምግብ አዳራሹ ሌሊት አይከፈትም፤ ምግብ ይዞ መውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ ክርስቲያኖቹ የእራት ዳቧቸውን በኪሳቸው ሰውረው ያወጣሉ፤ ሙስሊሞቹ ለሱሑር ይበሉታል። ባለፈው ዓመት ከእኛ አንዱ በር ላይ ተይዞ እንደ ሌባ ተፈተሸ። በዚህ ፍቅራችን የሚያመሰግኑን አሉ። እኛ ግን ዳቦ በስርቆሽ ማውጣት ሰልችቶናል።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና ክርስቲያን ወገኖቻቸው በአዲስ አበባ ሰልፍ እስከወጡበት ዘመን ድረስ ዒድ በአገራችን የሕዝብ በዓል አልነበረም። እኛ የምንለምነው ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ ይኸውም በረመዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሻይና ዳቦ እንዲቀርብ፤ ፈተናም በማፍጠሪያ ሰዓት ላይ እንዳይውል ነው። ማመልከቻውን ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥተናል። ክርስቲያኖቹም ፈርመውበታል።