ከላንቴ እስከ ጉልት
(በማህበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረገችው ንግግር)



እኔ ጉልት ላይ ሙዝ ሻጭ ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያው ሙዝ ነው።

አዲስ አበባ ከምንበላው ሙዝ ብዙው የሚመጣው ከአርባ ምንጭ አካባቢ፣ ከላንቴና ከጫኖ ነው። ገበሬው አረንጓዴውን ይቆርጣል። ነጋዴው በደላላ በኩል ገዝቶ፣ የሙዝ ቅጠል አንጥፎ በአይሱዙ ይጭነዋል። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተማ ሲገባ ማብሰያ ቤት ይዘጋበታል። ብዙ ቦታ የሚበስለው በላምባ ምድጃ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ ፍሬው በራሱ ሲበስል የሚያወጣውም ይህንኑ ጋዝ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙዝ አረንጓዴ ሳለ ቢመታ ምቱ ብዙም አይታይም፤ ሲበስል ነው የሚጠቁረው። ጭነት ላይ የደረሰው ጉዳት የሚወጣው እኛ እጅ ላይ ነው። ከእኛ በፊት ያለው ሁሉ መዝኖ ያስረክባል፤ እኛ ግን የምናስረክበው ሰው የለንም።

አምና ክረምት ከማህበሩ 3,000 ብር ተበድሬ ሙዝ አመጣሁ። ዝናቡ ገዢ አሳጣኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጠቆረ። ግማሹን በርካሽ ሸጥኩ፣ ግማሹን ደፋሁ። አፍሬ ሁለት ሳምንት ከስብሰባ ቀረሁ። ሰብሳቢያችን ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ብድሩ ይቆይ፤ አንቺ ግን ነይ» አሉኝ። መጣሁ። ብድሩንም በስድስት ወር ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ሆነን በጋራ እንገዛለን። ግማሹን የበሰለ፣ ግማሹን ገና ቢጫ ያልሆነ እንወስዳለን። አንዷ ጋ ካለቀ ከሌላዋ ይሄዳል። የሚደፋው ቀንሷል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶች እውነት ነው።

አሁንም ከጅምላ ተራ የምናመጣው በማዳበሪያ ከረጢት፣ ታክሲ ላይ ተደራርቦ ነው። የምንጠይቀው የፕላስቲክ ሳጥንና አንድ የጋራ ሚዛን ነው። ግማሹን ከቁጠባችን እንከፍላለን፤ ግማሹን ወዳጆቻችን ብታግዙን ደስ ይለናል። ከላንቴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጭነት እኛ አናስተካክለውም። ከጅምላ ተራ እስከ ጉልት ያለውን ግን እንችላለን።