ፀሐይ ሳትጠልቅ



ስፌትና እንጨት ሥራ ተምራችሁ የጨረሳችሁ ልጆች ነገ የራሳችሁን ሱቅ እንደምትከፍቱ አምናለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ስለ አሠሪነታችሁ ነው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ለአሠሪና ለአበዳሪ የተሰጠ ሕግ አለ። የድሃ የቀን ሠራተኛ፣ የአገሬው ሰውም ሆነ መጻተኛ፣ ደመወዙ በዕለቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈለው ይላል። ነፍሱ ያንን ደመወዝ ተስፋ አድርጋለችና። ወፍጮ ወይም መጅ መያዣ ተደርጎ እንዳይወሰድም ይከለክላል። ወፍጮው የሄደበት ቤት የሚበላውንም፣ ዕዳውን የሚከፍልበትንም አጣ ማለት ነው። በወፍጮው ቦታ የስፌት መኪና ወይም መጋዝ አስቀምጡና ሕጉን እንደገና አንብቡት። የሠራተኛው ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲሰጠው ነቢዩ ማዘዛቸውን ሙስሊም ወንድሞቻችንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ይሰሙታል።

ይህ ሁሉ ጊዜው አልፎበታል የሚል ሰው ጥቅምት ላይ የገዳሪፍን እርሻ ይይ። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፤ ቆቡ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ያን ሰሞን ሠራተኛ ይለመናል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ከተከመረ በኋላ ግን «ነገ ና» የሚል ባለእርሻ አይጠፋም። ድንበር ተሻግሮ የመጣው ልጅ ቋንቋውን በቅጡ አያውቅ፣ ለማን አቤት ይላል?

ሕጉ የተሰጣቸው ሰዎች ከባርነት ወጥተው በመንገድ ላይ የነበሩ፣ ገና ወደ ተስፋይቱ ምድር ያልገቡ ናቸው። የእኛም ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከጎንደር በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን፣ ያንኑ ኦሪት የያዙ ሰዎች፣ እዚህ ሱዳን በኡም ራኩባ መጠለያ ብዙ ወገን ቀብረዋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ከትግራይ ወደ ሱዳን ሲገባ ብዙው ተከዜን ተሻግሮ እዚሁ ሐምዳይት ደረሰ፤ የዚህች ከተማ ሰዎችም ቤታቸውን ከፍተው፣ ያላቸውን አካፍለው ተቀበሉት። እግዜር ይስጥልን!

መከራ ያየ ሰው ሁሉ ርኅሩኅ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የተበደለ ሰው የበደሉን ዘዴ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አሠሪ ሲሆን ሊጠቀምበትም ይችላል። መጽሐፉ በግብፅ ባሪያ እንደነበርህ አስብ ብሎ ብቻ ያልተወው፣ ትእዛዝም የጨመረበት ለዚህ ይመስለኛል።

እናንተ ባለእርሻዎች፣ በመጪው አጨዳ ሒሳባችሁን ማታ ማታ ዝጉ። ተመራቂዎች፣ የመጀመሪያ ረዳታችሁን ስትቀጥሩ የቀን ዋጋውን እሱ ፊት ጻፉ፤ ማንበብ ካልቻለ አንብቡለት።