ስለ ቋሚ አንቴና፦ ከገመድ ጋር ማስማማትና ከመሬት ጋር ማያያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ ቋሚ የራዲዮ አንቴና ሲታይ ዓይን የሚያርፈው ሽቅብ በተተከለው ብረት ላይ ነው። ይሁን እንጂ የዛፍ ሕይወት በግንዱ ብቻ እንደማይጸና ሁሉ፣ የቋሚ አንቴናም ሥራ እኩሌታው የሚከናወነው ከብረቱ ሥር፣ ተመልካች በማያየው ስፍራ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን የተሰወረ እኩሌታ ማስረዳት ነው። በተለይም አንቴናን ከገመዱ ጋር ማስማማትና ከመሬት ጋር ማያያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ሳለ እንደ አንድ ሲቆጠሩ የሚደርሰውን ጉዳት ማመልከት ነው።

ነገሩ ከራዲዮ ልደት ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጉልየልሞ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1895 በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ አጠገብ በአባቱ ርስት ላይ ሲሞክር፣ የመሣሪያውን አንዱን ጫፍ ከፍ አድርጎ ሲሰቅልና ሌላውን ከመሬት ጋር ሲያያይዝ ምልክቱ ከቀድሞው እጅግ ርቆ እንደሚደርስ ተገነዘበ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ሁለት ክንድ ያለው አንቴና ኮረንቲው ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ይመላለስበታል። ቋሚው አንቴና ግን አንድ ክንድ ብቻ ስላለው የሁለተኛውን ክንድ ሥራ የሚሠራለት መሬት ነው።

የዚህ ዓይነቱ አንቴና የተለመደ ቁመት የሞገዱ ርዝመት አንድ አራተኛ ነው። ለምሳሌ በ7 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 43 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ቁመቱ ከ10 ሜትር ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ነው። ፍጹም አስተላላፊ በሆነ መሬት ላይ ቢተከል ከሥሩ የሚለካው የጨረራ ሬዚስታንስ 36 ኦም ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ሁለት ክንድ ያለው የግማሽ ሞገድ አንቴና ካለው 73 ኦም እኩሌታ መሆኑ ነው። የተለመደው ኮአክሲያል ገመድ ደግሞ 50 ኦም ነው።

ነገር ግን ፍጹም አስተላላፊ የሆነ አፈር በዓለም ላይ የለም። ከብረቱ ተነሥቶ በአየር ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ በዙሪያው ባለው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ፣ ወደ አንቴናው ሥር የሚመለሰው አፈሩን አቋርጦ ነው። በዚህ ጉዞው አፈሩን ያሞቃል፤ ያ ሙቀት ከማስተላለፊያው ኃይል ላይ የተወሰደ ነው። ይህን ብክነት ለመቀነስ ከአንቴናው ሥር ተነሥተው እንደ መንኮራኩር ዘንጎች በዙሪያው የሚዘረጉ የመዳብ ሽቦዎች ይቀበራሉ። ሥራቸው የሚመለሰውን ኮረንቲ አፈሩ ሳያደክመው ተቀብሎ ወደ ሥሩ ማድረስ ነው።

ስንት ሽቦ እንደሚያስፈልግ በሥርዓት ያጠኑት የአር.ሲ.ኤ. መሐንዲሶች ጆርጅ ብራውን፣ ሉዊስና ኤፕስታይን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3 ሜጋኸርዝ የሽቦዎቹን ብዛት ከጥቂቶች አንሥተው እስከ 113 እያደረሱ የሞገዱን ብርታት ለክተዋል። ሽቦው ብዙና ረጅም ሲሆን፣ አጠር ያለ ምሰሶ እንኳ በሒሳብ ከሚጠበቀው ብዙ ያልራቀ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ። በአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች 120 ሽቦዎችን መቅበር ልማድ የሆነው ከዚህ ሥራ በኋላ ነው። ለ1 ሜጋኸርዝ ጣቢያ እያንዳንዱ ሽቦ የሞገዱን አንድ አራተኛ፣ ማለት 75 ሜትር ቢረዝም፣ በጠቅላላው 9 ኪሎ ሜትር መዳብ ከአፈር ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ከዓይን በተሰወረ ነገር ላይ ማውጣት ለብዙ አስተዳዳሪ ከባድ ነው፤ ስለዚህም በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀነሰው የተቀበረው ሽቦ ይሆናል።

እንግዲህ ዋናው ወጥመድ ከዚህ ላይ ነው። አንድ ባለሙያ አንቴናውን በጥቂት ሽቦዎች ብቻ ተክሎ መለኪያውን አገናኘ እንበል። የአፈሩ ብክነት 14 ኦም ቢሆን፣ 36 እና 14 ተደምረው ልክ 50 ኦም ይሆናሉ። መለኪያው ቅንጣት ኃይል ከአንቴናው ወደ ኋላ እንደማይመለስ ያሳያል፤ ባለሙያውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዳሩ ግን ከ100 ዋት ውስጥ 72ቱ ብቻ ይጨረራሉ፤ 28ቱ አፈሩን ሲያሞቁ ያድራሉ። በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ ብዙ ሽቦ ቢጨምርና ብክነቱን ወደ ባዶ ቢያቀርበው፣ መለኪያው የቋሚ ሞገድ ንጽጽሩ ወደ 1.4 ገደማ ከፍ ማለቱን ያሳያል። መለኪያውን ብቻ የሚያምን ሰው ሥራው ተበላሸ ይላል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚህ ልዩነት ወደ ኋላ የሚመለሰው ኃይል ከመቶ 3 እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ የሚጨረረው ግን በግልጽ ጨምሯል። ለመለኪያው መርፌ ሲባል ሽቦውን የሚቀንስ ሰው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላትን ሴት ይመስላል።

አንቴናው አጭር ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። የጨረራ ሬዚስታንሱ 5 ኦም፣ የአፈሩ ብክነት 15 ኦም ቢሆን፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ይጠፋል። በናፍጣ ሞተር የሚሠራ የገጠር ጣቢያ 1000 ዋት ሲያመነጭ የሚጨረረው 250 ዋት ብቻ ነው። ነዳጁ ይቃጠላል፤ ከሩቅ ቀበሌ የእርዳታ ጥሪ ያስተላለፈ ሰው ግን ላይሰማ ይችላል።

ማስማማት የሚገባው እንግዲህ ብክነቱ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ መንገዱም ቀላል ነው። ምሰሶውን ከሬዞናንስ ቁመቱ ጥቂት ማሳጠር 22 ኦም ያህል የካፓሲተር ጠባይ ይሰጠዋል። ከዚያም ከአንቴናው ሥር እስከ መሬቱ ሽቦዎች 82 ኦም ሪአክታንስ ያለው ጥቅል ሽቦ ቢገናኝ፣ 36ቱ ኦም ለገመዱ 50 ኦም ሆኖ ይታያል። ለ7 ሜጋኸርዝ ይህ ጥቅል 1.9 ማይክሮሄንሪ ያህል ነው። ጥቅሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ በደመናና በነፋስ ምክንያት በምሰሶው ላይ የሚጠራቀመውን የኤሌክትሪክ ሙል ያለማቋረጥ ወደ መሬት ያወርዳል።

አንቴናው ከመሬት ከፍ ብሎ በጣራ ወይም በምሰሶ ጫፍ ላይ ሲተከል ሁኔታው ይለወጣል። ሽቦዎቹ ከአፈሩ ስለሚርቁ አራት ብቻ ይበቃሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሞገዱን አንድ አራተኛ ልክ መሆን አለባቸው። የተቀበረ ሽቦ ግን አፈሩ ሬዞናንሱን ስለሚያጠፋው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይጠይቅም። መዳቡ ጥቂት ከሆነ ጥቂት ረጃጅም ከመቅበር ብዙ አጫጭር መቅበር ይሻላል። ከፍ ያለው አንቴና አራት ሽቦዎች ወደ 45 ዲግሪ ቁልቁል ቢዘነበሉ ሬዚስታንሱ ከፍ ብሎ ወደ 50 ኦም ይቀርባል፤ በዚህም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ከገመዱ ጋር ይስማማል። የገመዱ የውጭ ልባስ ግን አምስተኛ ሽቦ ሆኖ ኮረንቲ እንዳይሸከም፣ ከአንቴናው ሥር ገመዱን ጥቂት ዙር መጠቅለል ይገባል።

በመጨረሻም መሬት የሚለው ቃል ሦስት ትርጉም እንዳለው መዘንጋት የለበትም። አንዱ ከላይ የተነገረው የራዲዮ ኮረንቲ መመለሻ፣ ሁለተኛው ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚጠብቀው፣ ሦስተኛው መብረቅን የሚያወርደው ነው። አንድ የብረት ዘንግ መትከል ለሁለቱ ይረዳል፤ የራዲዮ ኮረንቲ ግን በሰፊ መሬት ላይ ተበትኖ በላይኛው አፈር ስለሚጓዝ፣ ዘንጉ የሽቦዎቹን ቦታ አይተካም። ሦስቱም ግን በአንድ ላይ መታሰር አለባቸው። የ20,000 አምፔር መብረቅ በ10 ኦም መሬት ላይ ቢወርድ 200,000 ቮልት ይፈጠራል። የአንቴናውና የቤቱ መሬት ካልተያያዙ ይህ ልዩነት የሚያርፈው በመሣሪያውና መሣሪያውን በያዘው እጅ ላይ ነው። ክረምቱ ነጎድጓድና መብረቅ በሚበዛበት ደጋ አገር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዛሬ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የአንቴና መለኪያዎች በቀላሉ ይገኛሉ። እነርሱን በትክክል ለመጠቀም የሥራው ቅደም ተከተል ይጠበቅ። መጀመሪያ ሽቦው ይዘርጋ፤ ሽቦ በተጨመረ ቁጥር ከሥሩ ያለው ሬዚስታንስ ይለካ፤ መቀነሱን ሲያቆም አፈሩ የሚወስደው አነስተኛ ሆኗል ማለት ነው። ከገመዱ ጋር ማስማማት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለማስተላለፊያው የሚያስበው ማስማማቱ ነው፤ በሩቅ ላለው አድማጭ የሚያስበው ግን የተቀበረው ሽቦ ነው።