የእሳት አደጋ ጣቢያ ከደጁ ይጀምራል



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ያባቶቻችን ተረት እንደ እሳት አደጋ ሥራ የሚስማማው ጉዳይ የለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ፥ መኪናዎቹ በጠባቡና በተጨናነቀው መንገድ ለማለፍ እንደ ተቸገሩ ሰምተናል። ውሃው ቢኖር፥ ሰዎቹም ቢበረቱ፥ መድረሻ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው።

እስቲ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ዲላን እንመልከት። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የቡና ንግድ ከተማ ናት። ደረቅ ቡና፥ ጆንያና ጣውላ ባንድ መጋዘን ሲከማቹ፥ እሳት የሚመኘውን ማዕድ አገኘ ማለት ነው። ከዲላ ወደ ደቡብ ወናጎ፥ ቀጥሎም ይርጋጨፌ በዚሁ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። ከዲላ እስከ ይርጋጨፌ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና እንኳ ከግማሽ ሰዓት በፊት አይደርስም። እሳት ግን አንድ ክፍል ለመዋጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ በዲላ ብቻ አንድ ታላቅ ሕንፃ ከማቆም ይልቅ፥ ገንዘቡን ከፍሎ በየከተማው ትንንሽ ጣቢያዎችን መሥራት ይበልጣል።

ጣቢያውስ እንዴት ይሠራ? አንደኛ፥ በሩ በቀጥታ ወደ ሰፊ መንገድ ይከፈት፤ በገበያ መካከል አይሁን። ሁለተኛ፥ መኪናው በኋላ በር ገብቶ በፊት በር ይውጣ፤ ወደ ኋላ በመንዳት ጊዜ አይባክንም፥ ሰውም አይጎዳም። ሦስተኛ፥ የተረኞቹ መኝታ ከመኪናው ጎን ከመሬት ወለል ላይ ይሁን፤ በጨለማ ደረጃ መውረድ ያሰናክላልና። አራተኛ፥ 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ስለሚመዝን፥ ተዳፋት በበዛበት አገር የተጫነ መኪና ዳገት ላይ እንዳያዘግም ቦታው ይታሰብበት፤ የውሃ ማጠራቀሚያውም ከፍ ባለ ስፍራ ቢቀመጥ፥ መብራት ቢጠፋ እንኳ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አምስተኛ፥ በጢስ የቆሸሸ ልብስ ከመኝታና ከምግብ ክፍል ርቆ ይታጠብ፤ በጥላሸቱ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ አለና።

ክቡር አንባቢ ሆይ፥ የጣቢያ ፕላን ከጠረጴዛዎ ላይ በቀረበ ጊዜ፥ ከግንቡ ውበት አስቀድመው ደቂቃውን ይጠይቁ። ደወሉ ከተደወለ ከስንት ደቂቃ በኋላ መኪናው ከበር ይወጣል? ከስንት ደቂቃ በኋላስ ከሩቁ ቤት ይደርሳል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሌለው ፕላን ወደ መሐንዲሱ ይመለስ። ዛሬ በወረቀት ላይ በቀላሉ የሚታረመው ስሕተት፥ ነገ በድንጋይ ከተገነባ በኋላ የሚታረመው በሰው ንብረትና በሰው ሕይወት ነውና።