የትምህርት መሣሪያ ብድር ለምን ያስፈልገናል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



እንደ ልማዳችን በዚህ ሰዓት የዓመቱን ገቢና ወጪ ነበር የምናነብላችሁ። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ፣ ዛሬ በመዝገባችን ላይ ስላልሰፈረ አንድ ስህተታችን እንናገራለን።

ከሁለት ዓመት በፊት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናታችን ለልጃቸው ስልክ መግዣ 9,000 ብር እንድናበድራቸው ጠየቁን። ልጅቱ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። እኛም ማመልከቻው ላይ «ለገቢ ማስገኛ ሥራ አይደለም» ብለን ጽፈን መለስናቸው። ደንባችን የሚለው እንደዚያ ነው። እናታችን ሲወጡ «ለበሬ ታበድራላችሁ፤ ልጄ በምን ትረስ?» አሉን። በጊዜው ሳቅን።

ልጅቱ የምትማርባቸው መምህራን ማስታወሻውንም፣ የቤት ሥራውንም፣ የፈተናውንም ቀን የሚልኩት በቴሌግራም ነበር። እሷ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ እስክትተኛ ጠብቃ በጓደኛዋ ስልክ ታነብ ነበር። አንዳንዱን የቤት ሥራ የሰማችው የማስረከቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሴሚስተር በሁለት ኮርሶች ወደቀች፤ እነሱን ለመድገም አንድ ዓመት ጨመረች። የአንድ ዓመቱን የትራንስፖርት፣ የልብስና የኪስ ገንዘብ ብንደምረው ከስልኩ ዋጋ በለጠ። የሂሳብ ሰዎች ሆነን ሳለ ይህን አስቀድመን አልደመርንም።

ብዙዎቻችን ዲፕሎማችንን የያዝነው ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ እያስደረግን ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ሲከፈት ተማሪ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ከገባ ይበቃው ነበር። ዛሬ በነቀምቴም፣ በጊምቢና በሻምቡ ግቢዎችም፣ በደምቢ ዶሎም ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ ልጆቻችን ነገሩ ተለውጧል። ሙድል የሚባል ፕሮግራም አለ፤ መምህሩ ትምህርቱን፣ መልመጃውንና ውጤቱን በአንድ ቦታ ያስቀምጥበታል። ፕሮግራሙ በነፃ ስለሚገኝ በዓለም ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። ትምህርት ሚኒስቴርም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶችን በኢንተርኔት እንዲያስተምሩ የሚያግዝ ፕሮግራም ጀምሯል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ተማሪ ይህን ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ነው። በመጀመሪያው ዙር ከ100 ተፈታኞች ያለፉት ወደ 40 ገደማ ነበሩ። ማውሱን በቅጡ ይዛ የማታውቅ ልጅ ጥያቄውን ብታውቀው እንኳ ሰዓቱ ይቀድማታል።

ስልክና ኮምፒውተር መግዛት ብቻውን እንደማይበቃ የወለጋ ሰው ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. በአካባቢያችን ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ሲመለስ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ተዘግተው፣ አገሩ ሁሉ «በስልክ ተማሩ» ይባል ነበር። መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራውን መምረጥ አለብን። የሙድል የስልክ መተግበሪያ ኔትወርክ ሲኖር ትምህርቱን አውርዶ ኋላ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ዊኪፒዲያን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ያለ ምንም ኢንተርኔት ያስነብባል።

ሴት ልጆቻችን ስለ ቻት ጂፒቲም ይጠይቁናል። በራሳችን ሙያ ሞከርነው። ከደመወዝ ገቢ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ስንት እንደሆነ ብንጠይቀው በልበ ሙሉነት 600 ብር አለን። ያ የድሮው ሕግ ነው፤ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 2,000 ብር ሆኗል። በእሱ መልስ ደመወዝ ብንሠራ ከሠራተኞቻችን ያለ አግባብ በቆረጥን ነበር። ከባድ ትምህርትን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት ግን ጎበዝ ነው። ስለዚህ ለልጆቻችን የምንላቸው ለአዲስ ገንዘብ ያዥ የምንለውን ነው፦ ደረሰኙን ሳታይ አትመዝግቢ። አስረጂኝ በይው፤ የቤት ሥራሽን ግን ራስሽ ሥሪ።

አንዳንድ እናቶች «ስልክ ልጆቻችንን ያበላሽብናል» ትላላችሁ። ስጋታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ለነቀምቴ አዲስ የማስተማሪያ መሣሪያ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ተማረች፤ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ ለመዝገበ ቃላትም ወደ 15,000 ቃላት ሰበሰበች። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ከተመለሱ በኋላ እዚሁ ነቀምቴ አስተምራለች። ያኔ የታተመ መጽሐፍ ለአገሩ ሰው የዛሬውን ስልክ ያህል እንግዳ ነበር። ያንን እንግዳ ነገር ለልጆች ያስለመደችው ሴት ነበረች።

እንግዲህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ «የትምህርት መሣሪያ ብድር» በደንባችን ይግባ። ለአንድ አባል አንድ ጊዜ፣ በአሥር ወር የሚመለስ፣ እንደ ሌላው ብድር በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ይሁን። ገንዘቡ ከቁጠባው ሳይሆን ካለፈው ዓመት ትርፍ ይመደብ፤ ብድሩ ባይመለስ እንኳ የማንም እናት ቁጠባ አይነካም።

ሁለተኛ፣ የቢሯችን ሁለት ኮምፒውተሮች ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ፈተው ይውላሉ። ኪዊክስ ተጭኖባቸው ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁ ልጆቻችን ይከፈቱ። እኛ የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኞች ተራ ገብተን እናለማምዳቸዋለን።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። አዲስ ውድ ዕቃ አንጠይቅም። ተሠርቶበት ነገር ግን የሚሠራ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ብትሰጡን ይበቃናል። እያንዳንዱ ዕቃ በንብረት መዝገብ ይገባል፤ ማን ስንት ሰዓት እንደተጠቀመችበትም በየሩብ ዓመቱ እናሳውቃችኋለን።

ያቺ ልጅ ኮርሶቿን ደግማ አልፋለች፤ ዘንድሮ ለመውጫ ፈተና ትቀመጣለች። እናቷ ዛሬም እዚህ ከኋላ ተቀምጠዋል። ለጠየቁን ጥያቄ መልሱ ሁለት ዓመት ዘግይቷል። እጅ ስታወጡ እሳቸውን አስቡልን።