አማካሪው ተማሪና መዝገብ ቤቱ



የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ትምህርቱን ከመፈጸሙ በፊት ዕውቀቱን በተግባር የሚያስመሰክርበት የማጠቃለያ ሥራ ይሰጠዋል። በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የማማከር ሙያም ይህ ሥራ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ችግር ላለበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ነው።

ወልቂጤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። እንግዲህ አንድ ተማሪ ለዚህ ሥራ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ማዘጋጃ ቤት ቢመጣ ከምን ይጀምር? ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀመጥ። የአንድ ባለጉዳይ ፋይል በስንት እጅ እንደሚያልፍ ይቁጠር፤ የት እንደሚዘገይ፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው በምን እንደሚቀጥል ይጠይቅ። ይህን ሳያውቅ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የተባለውን ይመስላል።

የሥራው እውነተኛ ፈተና ግን ከምረቃው በኋላ ነው። የይለፍ ቃሉን ተማሪው ብቻ የሚያውቀው፣ መመሪያው በአማርኛ ያልተጻፈለት፣ ተረካቢ ሠራተኛ ያልተመደበለት ፕሮግራም ሠሪው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ባለጉዳዩም ወደ ወረፋው ይመለሳል። ደግሞም የሰው የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ ለልምምድ ነው ተብሎ በፍላሽ እየተቀዳ ሊወጣ አይገባም።

ስለዚህ እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ተማሪውን በደብዳቤ ተቀብላችሁ በደብዳቤ ብቻ አትሸኙት። ችግራችሁን ሳትሸሽጉ ንገሩት፤ ሥራውን የሚረከበውንም ሰው ከመጀመሪያው ቀን አጠገቡ አስቀምጡ። ያን ጊዜ ዲግሪው ለእርሱ፣ ጥቅሙ ለሕዝብ ይሆናል።